የሌሊት አውሬ፣ የቀን ጎረቤት

በአዋሽ ሸለቆ ቀኑ የሰው ነው፤ ሌሊቱ ግን የጅብ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በሚሌና በሎግያ በኩል ወደ ሰመራ የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ፀሐይ ሳለች የሚያየው ግመሉን የሚነዳውን አፋር፣ በወገቡም የታጠቀውን ጊሌ፣ እንዲሁም ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚጓዘውን የጭነት መኪና ነው። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግን ከሜዳው ማዶ፣ ከዝቅተኛ ድምፅ ተነሥቶ ወደ ላይ እየተሳበ የሚሄድ አንድ ረጅም ጩኸት ይሰማል። የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሰመራ አዲስ ከተማ ናት፤ ያ ጩኸት ግን ከከተሞች ሁሉ የቀደመ ነው። በዚሁ በአፋር ምድር በሐዳር፣ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አፅም በተገኘበት ስፍራ፣ ከጥንተ ሰው ቅሪት ጋር የጅብ ወገን አጥንትም ተገኝቷል። ስለዚህ የሰው ወገንና የጅብ ወገን በአዋሽ ዳር ጎረቤቶች ከሆኑ ሦስት ሚሊዮን ዓመት አልፏል ማለት ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ይህን ያህል ዘመን በጨለማ ሲደማመጡ ከኖሩ፣ አንደኛው ስለ ሌላው ተረት መፍጠሩ የማይቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ያንኑ ተረት ነው፤ ይኸውም ሰው በሌሊት አውሬ ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ተረት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓ በተኵላ ስም፣ በጃፓንም በተኵላና በቀበሮ ስም ሲነገር ኖሯል። ሦስቱን ጎን ለጎን አቁመን ስናያቸው፣ ስለ አውሬው ከምንማረው ይልቅ ስለ ሰው የምንማረው ይበዛል።

በመጀመሪያ የአገራችንን እንመልከት። ጅብ በአማርኛ ተረት ሁለት መልክ አለው። በልጆች ተረት «አያ ጅቦ» ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ጦጣ ታታልለዋለች፤ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውም እርሱ ነው። ልጆች በምድጃ ዳር የሚስቁበት ይህ ጅብ ማንንም አልጎዳም። አዋቂዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩለት ጅብ ግን ሌላ ነው። እርሱ የጅብ መልክ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው ይባላል፤ ስሙም ቡዳ ነው። ቡዳ የተባለው ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ መልኩን ለውጦ ይወጣል፣ መቃብርም ይቈፍራል እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ይህ ስም በማን ላይ ይለጠፍ እንደነበረ የማያውቅ የለም፤ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በምትሠራው፣ ቆዳ በሚፍቀው ላይ፣ በጎንደር አካባቢም የብረትና የሸክላ ሥራ ይዘው በኖሩት በቤተ እስራኤል ላይ ነው።

በዘመነ መሳፍንት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ስለዚህ ነገር ጽፏል፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ፣ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ እንደተገኘ፣ ጉትቻውም ቡዳ የሚባሉት ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት እንደነበረ ተተርኳል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በዚያው መጽሐፍ የሚገኘው የባልንጀራው የዊልያም ኮፊን ወሬ ነው። ቡዳ ነው የሚባል አንድ ወጣት አሽከር እስከ ማግሥቱ ድረስ ፈቃድ ለመነ፤ ኮፊንም ፈቀደለትና ፊቱን ወደ ሌሎች አሽከሮቹ መለሰ። ወዲያውም አሽከሮቹ ልጁ ጅብ ሆነ ብለው ጮኹ። ኮፊን ዞር ሲል ልጁ የለም፤ በመቶ እርምጃ ያህል ርቀት ግን አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል፤ ሜዳውም ዛፍና ቊጥቋጦ የሌለበት ገላጣ ነበር። በማግሥቱ ልጁ ተመለሰ፤ ጓደኞቹ ሲቀልዱበትም ነገሩን አልካደም። አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንዲት ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ልጁ ጅብ ሲሆን ኮፊን አላየም። በዓይኑ ያየው መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎም ጅቡን ነው፤ መካከሉን የሞላለት የሌሎች ጩኸት ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ ኔውሪ የሚባሉ ሕዝቦች በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ተኵላ ይሆናሉ መባሉን ጽፎ፣ እርሱ እንደማያምነው፣ ተራኪዎቹ ግን እንደሚምሉበት ይነግረናል። ሮማዊው ፔትሮንዮስ በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ተኵላ ሆኖ ወደ በረት የገባ ወታደር አንገቱን በጦር ይወጋል፤ በኋላም አልጋው ላይ ተኝቶ ሐኪም አንገቱን ሲያክመው ይገኛል። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ አንሪ ቦጌ የሚባል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዳኛ ስለ ጠንቋዮች ባሳተመው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1588 በፈረንሳይ በኦቬርኝ ሆነ የተባለውን ይተርካል። አንድ አዳኝ ከታገለው ተኵላ መዳፉን ይቈርጣል፤ ከከረጢቱ ሲያወጣው ግን የወርቅ ቀለበት ያጠለቀ የሴት እጅ ሆኖ ይገኛል። ቀለበቱን ያየ አንድ ባላባት የገዛ ሚስቱ መሆኑን ያውቃል፤ ሚስቲቱም ተፈርዶባት በእሳት ትቃጠላለች። በትግራይ የወርቅ ጉትቻ፣ በኦቬርኝ የወርቅ ቀለበት፤ ሁለቱ ተራኪዎች ከቶ አይተዋወቁም።

የጃፓኑ ተረት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ ይቀርባል። በሺኮኩ ደሴት፣ በኮቺ አውራጃ፣ በሙሮቶ አካባቢ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። አንድ መልእክተኛ በሌሊት ተራራ ሲያቋርጥ በመንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ያገኝና ከአውሬ ሊያድናት ዛፍ ላይ ያወጣታል። ተኵላዎች ዛፉን ይከብባሉ፤ መድረስ ባቃታቸው ጊዜም የአንጥረኛውን አሮጊት ጥሩልን ይባባላሉ። ጥቂት ቆይቶ የብረት ድስት በራስዋ ላይ የደፋች ትልቅ ተኵላ ትመጣለች፤ ሰውየውም ባለ በሌለ ኃይሉ ድስቱን መትቶ ያቈስላታል። ሲነጋ የደሙን ፈለግ ቢከተል ወደ አንጥረኛው ቤት ያደርሰዋል፤ አሮጊቲቱም ራስዋን ቈስላ ተኝታ ያገኛታል። በገደላትም ጊዜ ተኵላ ሆነች፣ ከወለሉም ሥር የሰው አጥንት ተገኘ ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በትግራይና በጎንደር ጅቡ ከአንጥረኛ ቤት ይወጣል ሲባል፣ በሺኮኩም ተኵላዋ የወጣችው ከአንጥረኛ ቤት ነው።

እነዚህን ታሪኮች አንዱ አገር ከሌላው ተዋሰ ለማለት የሚያስችል መንገድ አይታይም። ይሁን እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው። አንደኛ፣ ነገሩ የሚሆነው ዓይን በማያይበት ሰዓት ነው፤ የመለወጡን ቅጽበት ተራኪው ራሱ አላየም። ሁለተኛ፣ ሲነጋ ቊስል፣ ቀለበት ወይም ጉትቻ ምልክት ሆኖ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ምልክቱ የሚገኘው በሩቅ ጠላት ላይ ሳይሆን በቅርብ ሰው፣ በአሽከር፣ በሚስት ወይም በሰፈር አንጥረኛ ላይ ነው።

ልዩነታቸውም ቢሆን የሚያስተምር ነው። ተረቱ በየአገሩ የሚለብሰው ቆዳ እዚያው የሚገኘውን አውሬ ቆዳ ነው። የአውሮፓ ተኵላ በግና ሕፃን የሚነጥቅ ስለ ነበረ፣ ተኵላ ሰው የተባለውም በነጣቂነት ተከሰሰ። ጅብ ጥንብ የሚበላና አጥንት የሚሰብር ስለሆነ፣ የእኛ ቡዳ መቃብር ቈፋሪ ተባለ። የጃፓን ቀበሮ ደግሞ ብልጥና አታላይ ስለሆነ፣ በሰው ላይ ያድራል፣ ልቡናውንም ይለውጣል ተባለ። እንዲያውም በኢዙሞ፣ ማለትም በዛሬው ሺማኔ አውራጃ፣ ቀበሮ ያረባሉ፣ በጎረቤትም ላይ ይልካሉ የሚባሉ ቤተ ሰቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1890 ወደዚያ ሄዶ በማትሱዌ ከተማ ያስተማረው ላፍካዲዮ ኸርን፣ ከእነዚህ ቤቶች ጋር ጋብቻ እንደሚሸሽ፣ የመሬታቸውም ዋጋ በዚሁ ስም ምክንያት እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። በኋላ ነገሩን የመረመሩት የጃፓን ሊቃውንት እንዳገኙት፣ ቀበሮ አላቸው ከተባሉት ብዙዎቹ በኤዶ ዘመን አዲስ ሀብት ያገኙ ቤቶች ነበሩ። ለካ ቀበሮውን የወለደው ቅናት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ በሌላ በኩል ተገልብጦ ይገኛል። በኢዙሞ ሀብት ያገኘው ሲታማ፣ በእኛ ዘንድ የታማው መሬት ያጣው ነው። ቤተ እስራኤል በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ይስሐቅ ዘመን ድል ከሆኑ በኋላ ርስት እንደ ተነፈጉ ይተረካል። ርስት የሌለው ሰው ወናፍና መዶሻ ይዞ በእጁ ሥራ ከማደር በቀር ምን ምርጫ አለው? ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ ወታደሩ ጦሩን፣ ባለቤቲቱ ምጣዷንና እንስራዋን ከባለእጅ ቤት ታመጣለች፤ ዕቃው እቤት ሲገባ ግን ሠሪው ከደጅ ይቀራል። ያለ እርሱ ለማይኖሩት ሰው ክብር ከመስጠት ይልቅ እርሱን መፍራት ቀለለ። አፈሩን በእሳት ብረት የሚያደርግ ሰው፣ ራሱንስ ጅብ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል ተባለ።

ተረት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1589 በኮሎኝ አቅራቢያ በቤድቡርግ፣ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ተኵላ ሆኜ ሰው ገድያለሁ ብሎ በሥቃይ ፍርሃት ከተናዘዘ በኋላ በአሰቃቂ ሞት ተቀጥቷል። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1603፣ የቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዣን ግረንዬ የሚባል ተኵላ ነኝ ያለ ልጅ ቀርቦለት፣ አእምሮው የደከመ መሆኑን ተመልክቶ ከእሳት አድኖ ወደ ገዳም ላከው። አውሬውን በሕግ ማደን የቆመው ዳኞች ተከሳሹን እንደ ሰው ማየት በጀመሩ ጊዜ ነው። በአገራችንም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት እንዳይደረግበት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ስም ከአውሬም ይልቅ ዕድሜ አለው። የጃፓን ተኵላ እ.ኤ.አ. ከ1905 በኋላ ዘሩ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ በቀበሮ ስም የታሙት ቤቶች ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ጋብቻ ይከለከሉ ነበር። በእኛም ዘንድ ሕመምተኛ «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ ወደ ሐኪም ሳይደርስ የሚዘገይበት፣ የተዋደዱ ወጣቶች «ዘሯ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ የሚለያዩበት ጊዜ ፈጽሞ አላለፈም።

አውሬው ራሱ ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ከአዋሽ በስተምሥራቅ በሐረር ከተማ፣ ጅብን በሌሊት በእጃቸው የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ በዓሹራ በዓልም ገንፎ ይቀርብለታል። በኪዮቶ ፉሺሚ በሚገኘው የኢናሪ መቅደስም የድንጋይ ቀበሮዎች የሩዝ አምላክ መልእክተኞች ተብለው በክብር ቆመዋል። ያው አውሬ በአንዱ ከተማ እንግዳ፣ በሌላው ጠላት ከሆነ፣ ልዩነቱ ያለው ከሰው ልብ ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ፕሊንዮስ፣ ጅብ የሰው ድምፅ አስመስሎ እረኛውን በስሙ ይጠራል፣ ሲወጣም ይበላዋል ብሎ ጽፏል። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ እያንዳንዱ ጅብ የራሱ የሆነ የአጠራር ድምፅ እንዳለው፣ ባልንጀሮቹም በዚያ እንደሚለዩት ደርሰውበታል። እንግዲህ በሰመራ ሜዳ ሌሊት የሚጮኸው ጅብ የሚጠራው የገዛ ወገኑን ነው፤ የአንጥረኛውን ስም የጠራነው እኛ ነን። መምህሩ አያ ጅቦን ለተማሪዎቹ ሲተርክ፣ ይህንኛውን የአዋቂዎች ወሬም ከነመነሻው ቢነግራቸው መልካም ነው። ያን ጊዜ ተማሪው በአፋሩ ወገብ ላይ ያለውን ጊሌ፣ በገበሬውም ትከሻ ላይ ያለውን ማረሻ ባየ ቊጥር፣ በምን እጅ እንደ ተሠራ ያስባል፤ ያንንም እጅ ለመጨበጥ አያፍርም።