ስለ ማግኔት ኃይልና ስለ ሐረር የስልክ መስመር

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ታላላቆቹ ግድቦች ለመጻፍ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ከድሬ ጠያራ፣ ከአንደኛው ጓደኛችን አያት ቤት የመጣ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ነው። በጎኑ የሚዞር እጀታ፣ በግንባሩ ሁለት የናስ ቃጭሎች፣ በጆሮ ግንዱ ደግሞ የተንጠለጠለ ማዳመጫ ያለው የድሮ ስልክ ነው። አዛውንቱ ሣጥኑን ሲሰጡን «ልጆቼ፥ ይህ ነገር እኛ ሰፈር መብራት ሳይገባ ጀምሮ ሲያነዝረን የኖረ ነው። ሰይጣን አለበት ይሉ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ፈትታችሁ ካገኛችሁት ንገሩኝ» ብለው ሳቁ።

ድሬ ጠያራ ማለት በኦሮምኛ የአይሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ጠያራ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ስልክ የምንለውም ቃል እንዲሁ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ይህንን ያነሣነው ለጨዋታ ያህል ነው፤ ነገር ግን አይሮፕላኑም ስልኩም አንድ የጋራ ዘመድ እንዳላቸው ኋላ እናሳያለን።

ሣጥኑን በከፈትነው ጊዜ ባትሪ አገኛለሁ ብሎ የጠበቀው ጓደኛችን በጣም አፈረ። ከእጀታው ጋር የተያያዙት በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተቀለሱ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ማግኔቶች ናቸው። በማግኔቶቹ ሁለት ዋልታዎች መካከል እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ብረት አለ፤ በብረቱም ላይ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎበታል። እጀታው ትልቁን ጥርሳም ጎማ ያዞራል፤ ትልቁ ትንሹን ያዞራል፤ ስለዚህ እጅ አንድ ጊዜ ሲዞር እንዝርቱ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ሌላ ምንም የለም።

ይህ ነገር እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል? መልሱን ያገኙት ሰዎች ታሪክ ረዘም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 የኮፐንሃገኑ መምህር ሐንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ ከቦታው ሲዞር አየ። እስከዚያ ድረስ ኤሌክትሪክና ማግኔት የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች መስለው ይታዩ ነበር። በ1825 እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን በብረት ላይ ሽቦ ጠቅልሎ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ብረቱ ማግኔት እንደሚሆን፣ ሲቋረጥ ደግሞ ማግኔትነቱ እንደሚተወው አሳየ። ኤሌክትሮማግኔት የምንለው ይህ ነው። ኤሌክትሪክ ማግኔትን ከወለደ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ሊወልድ አይችልምን? ይህንን ጥያቄ ለዓመታት በልቡ ይዞ የቆየው የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ ያደገው ማይክል ፋራዳይ ነበር። በ1831 መልሱን አገኘ፤ ይኸውም በጥቅል ሽቦ አጠገብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት ምንም አያደርግም፤ ማግኔቱ ወይም ሽቦው ሲንቀሳቀስ ግን በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ምሥጢሩ በመንቀሳቀሱ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ መሣሪያ ሠሪው ፒክሲ በእጅ የሚዞር ማመንጫ ሠራ። የአያታችን ሣጥን የዚያ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

የቃጭሎቹም ነገር እንዲሁ ነው። በመካከላቸው ያለችው ትንሽ መዶሻ በሁለት ኤሌክትሮማግኔቶች ላይ ትወዛወዛለች። ከሩቅ ሰው እጀታ የመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ሲለዋውጥ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን ቃጭል ትመታለች። በማዳመጫው ውስጥ ያለው ማግኔት ደግሞ ስስ የብረት ገበታ እየሳበና እየለቀቀ የሰውን ድምፅ ይመልሳል፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስለ ስልክ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ለመናገሪያው ብቻ የባትሪ ድንጋይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጓደኛችን ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ ባትሪው ለመናገር እንጂ ለመጥራት አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ወደ ኢጣልያ ተልከው ነበር። ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡና በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ ተተከለ ይነገራል። አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ያጉረመረሙ ካህናት እንደ ነበሩም ይተረካል። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተሰጠ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ታሪክም የሚቆጠረው ከዚያው፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው፤ ሥራው ግን ዓመታት ፈጅቶ የተጠናቀቀው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በቅሎና ግመል ሳምንታት የሚፈጅባቸውን መንገድ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ሄደበት።

ስለ ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ አገባብ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለቤተ መንግሥቱ መብራት የተተከለው ማመንጫ ነው። እውነት ነው፤ አንቃወመውም። ሆኖም ሐረር ላይ ቆመን ስናየው ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ መስመር ሌላውን ሰው ለመጥራት እጀታ ማዞር ግድ ነበር። እንግዲህ በስልክ የሚጣራ ሹም ሁሉ፣ ጸሐፊም ቢሆን ነጋዴ፣ ሳያውቀው በገዛ ክንዱ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር ማለት ነው። የአካባቢያችን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ናፍጣም ውሃም የሚፈልግ አልነበረም፤ የሚፈልገው ቁርስ የበላ ሰው ነበር። ይህንን የመሰለ ነገር በመማሪያ መጽሐፋችን ሳናገኝ መቅረታችን ያሳዝነናል።

በሣጥኑ ላይ ካደረግናቸው ሙከራዎች አንዱን ሳንገልጽ አናልፍም። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ለያይተን እጀታውን ስናዞር እንደ ቡና ወፍጮ ቀሎ ይዞራል። ጫፎቹን ስናነካካቸው ግን እጀታው በድንገት ይከብዳል፤ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል የያዘው ይመስላል። በመጀመሪያ ጥርሱ የተሰበረ መስሎን ነበር። መምህራችን ሲያስረዱን በሽቦው ውስጥ የተነሣው ኤሌክትሪክ ራሱ እንዝርቱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ያም አዲስ ማግኔት የሚያዞረውን እጅ ይቃወማል። ኤሌክትሪክ በነጻ አይገኝም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ክንድ ነው። ቀመሩን ከዚህ በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ ገልብጠን ነበር፤ የገባን ግን እጃችን በደከመ ጊዜ ነው። (ጫፎቹን በባዶ እጅ የያዘው ጓደኛችን ደግሞ ሌላ ነገር ገብቶታል፤ ታናናሾቻችን እንዳይሞክሩት እናሳስባለን።)

የዚህ ነገር ግልባጭ ሞቶር ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና ኤግዚቢሽን ላይ አንዱን የግራም ዲናሞ ከሌላው ጋር ሲያያይዙት ያልተነካው ዲናሞ በራሱ መዞር እንደ ጀመረ ይነገራል። ስታዞረው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ይዞራል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከተራራው በታች ድሬዳዋ አለች፤ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት የተቆረቆረች ከተማ። በዚያ ለብዙ ዓመታት በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ባቡር ሲነዳ ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ሞቶር ይሳባል። እንዲህ ያለው ባቡር ቁልቁለት ሲወርድ ሞቶሩ ተመልሶ ማመንጫ ሊሆን፣ ባቡሩንም እንደዚያ እንደከበደን እጀታ ሊይዘው ይችላል።

ስለ አይሮፕላኑ ቃል ገብተን ነበር። ፒስተን ባለው የአይሮፕላን ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚመጣው ማግኔቶ ከሚባል፣ ከዚሁ ከስልኩ ሣጥን ዘር ከሆነ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ አይጠፋም።

በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ኃይሉም 5150 ሜጋ ዋት ነው። በዚያ የሚሽከረከሩት ማግኔቶች ኤሌክትሮማግኔቶች ናቸው፤ የሚያዞራቸውም ክንድ ሳይሆን ዓባይ ነው። የቀረው ነገር ከሣጥናችን አይለይም።

ሥራችንን ስንጨርስ ሣጥኑን ገጥመን ወደ ድሬ ጠያራ መለስነው። አዛውንቱ እጀታውን ይዘው እንዲያዞሩ ለመንናቸውና በመካከሉ ጫፎቹን አነካካንባቸው። ቆም አሉ። «ያዘኝ እኮ!» አሉ። እኛም ሰይጣኑን ፈልገን እንዳጣነው፣ የያዛቸውም የገዛ ክንዳቸው ኃይል ተመልሶ መሆኑን አስረዳናቸው። ጥቂት አሰቡና እንደ ገና አዞሩት፤ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ና፥ አንተም ሞክረው» አሉት።