«አለ»፣ «ይላል»፣ «በል»፦ አንድ አመለኛ ግስ በጣና ዳርቻ

አማርኛ ተናጋሪ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከሚጠራቸው ግሶች አንዱ «አለ» ነው። «እሱ አለ»፣ «እሷ ትላለች»፣ «እንዲህ በል»፣ «ብሎ ሄደ»፣ «ተባለ»። ገና አፉን የፈታ ሕፃን ሳይጨነቅ ይናገረዋል። አማርኛ ልማር ብሎ የተነሣ የውጭ አገር ሰው ግን ገና በጠዋቱ የሚደናቀፈው በዚሁ ግስ ነው። ሥሩ አይጨበጥም። «አለ» እና «ይላል» ላይ «በ» የለችም። «በል»፣ «ይበል»፣ «ብሎ»፣ «ባይ»፣ «ተባለ» ላይ ብቅ ትላለች። «ማለት» ላይ ስንደርስ ደግሞ የለችም። በዚህ ላይ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደሉ ሁለቱን አይለይም።

ከአራት መቶ ዓመት በፊት በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ የኖረ አንድ ስፔናዊም በዚህ ግስ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከግሽ ዓባይ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቶ ስለጻፈ። በዚያች አንዲት ቀን ጉብኝት ከሚታወቀው ይልቅ ለዛሬ ሰው ትምህርት ያለው ግን ቋንቋውን የያዘበት መንገድ ነው።

*

ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1564 ማድሪድ አቅራቢያ ተወለደ። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት በ1589 ከሕንድ ተነሥቶ በመንገድ ተያዘና ሰባት ዓመት ያህል በየመን በምርኮ ቆየ። እዚያ ዓረብኛ ተማረ። ተለቅቆ ወደ ሕንድ ከተመለሰ በኋላ ጉዞውን እንደገና ሞከረና በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ተቀመጠ፤ አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የነገሥታቱን ደጅ የረገጠው።

ቋንቋ የመማር ዘዴው ከየት እንደመጣ ለመገመት አያዳግትም። የዘመኑ ኢየሱሳውያን ካህናት ከልጅነታቸው ጀምረው በላቲን ሰዋስው የተቀጠቀጡ ነበሩ፤ ግስ በሰው፣ በቍጥር፣ በጊዜና በስሜት እየዘረዘሩ ነው ያደጉት። የስፔን ቋንቋ ራሱ ከነብሪሃ እጅ የታተመ ሰዋስው ያገኘው በ1492 ነበር። ነብሪሃ መጽሐፉን ለንግሥት ኢሳቤላ ሲያበረክት ቋንቋና መንግሥት አብረው እንደሚጓዙ ተከራክሯል። ይህ ሐሳብ ጥቂት ቆይቶ ጣና ድረስ መጥቶ ይፈተናል።

የስፔን ቋንቋም «ማለት» የሚለው ግሱ አመለኛ ነው። አርእስቱ «ዴሲር» ነው። «እላለሁ» ለማለት «ዲጎ»፣ «አልኩ» ለማለት «ዲኼ»፣ ለወደፊት «ዲሬ»፣ «ይበል» ለማለት «ዲጋ»፣ «የተባለ» ለማለት «ዲቾ»፣ «በል» ብሎ ለማዘዝ ደግሞ «ዲ» ብቻ። በመካከል ያለው ድምፅ አንዴ «ሰ»፣ አንዴ «ገ»፣ አንዴ «ኸ»፣ አንዴ «ቸ» እየሆነ ይገለባበጣል፤ በትእዛዙ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ግስ ላይ መገናኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። እምብዛም የማይነገር ግስ ተናጋሪው ስለሚረሳው በጊዜ ብዛት ወደ ደንበኛው መስመር ይገባል። በየደቂቃው የሚነገር ግስ ግን አይረሳም፤ ጥንታዊ አመሉን እንደያዘ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል። የድንጋይ ደረጃ ብዙ እግር የረገጠው ቦታ ላይ እንደሚጎደጉደው ግስም በብዛት የተነገረበት ቦታ ላይ ይጎደጉዳል።

*

ፓኤዝ አገሩን ሲረግጥ ኢትዮጵያውያን ግስ መዘርዘርን ከእርሱ የሚማሩ አልነበሩም። ከጣና በስተደቡብ ያለው የጎጃም ምድር የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ከወሎው ዋድላ ጋር፣ የቅኔ ቤቶች መጠሪያ ሆነው ዛሬም ይጠቀሳሉ። የቅኔ ተማሪ ዘመድ አዝማዱን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ከየደጁ የለመነውን ይበላል። ቀን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ግስና አገባብ ያጠናል። ብራና ሳይገልጥ፣ በቃሉ።

ዘዴው ረቂቅ ነው። ግሶች በቤት በቤታቸው ተመድበው ለእያንዳንዱ ቤት አለቃ ይሾምለታል። በአንዱ የታወቀ አቈጣጠር አለቆቹ ስምንት ናቸው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌሎች መምህራን በአንዳንዱ አለቃ ምትክ ሌላ ይሾማሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። አለቃውን ያወቀ ሠራዊቱን ያውቃል። እያንዳንዱ ግስ በዐሥሩ መራሕያን፣ ከ«ውእቱ» እስከ «ንሕነ»፣ ይዘረዘራል፦ ቀተለ፣ ቀተለት፣ ቀተሉ፣ ቀተላ፣ ቀተልከ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልክን፣ ቀተልኩ፣ ቀተልነ። ከዚያ በአዕማድ ይረባል፦ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ።

ከስምንቱ አለቆች መካከል ሰባተኛውን ልብ ይሏል። «ብህለ» ማለት «አለ» ማለት ነው። የአማርኛው «አለ» አባት እርሱ ነው። በመካከሉ ያለችው «ህ» ድምፅዋ ደካማ ስለሆነች ግሱ ሲረባ ትወድቃለች፦ ብህለ፣ ይብል፣ ይበል። የቅኔ መምህራን አመለኛውን ግስ እንደ ስሕተት አልቆጠሩትም። እንዲያውም የራሱን ቤት ሰጥተው አለቃ አደረጉት።

ከ«ብህለ» ጎን ደግሞ ከዚህም የባሰ አመለኛ አለ። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ሰምቶታል፦ «ይቤ»። «ወይቤሎ» ሲባል «አለውም» ማለት ነው። በግእዝ ያለፈ ድርጊት ምልክቱን የሚይዘው ከግሱ መጨረሻ ነው፤ «ቀተልኩ»፣ «ቀተልነ» እንደሚባለው። «ይቤ» ግን እንደ ትንቢቱ «ይብል» ከፊት በ«ይ» ይጀምርና ያለፈውን ጊዜ ይናገራል። «እቤ» ሲል «አልኩ»፣ «ንቤ» ሲል «አልን» ማለት ነው። የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ይህን ከጥንቱ የአካድኛ ግስ ጋር ያነጻጽሩታል፤ በአካድኛ ያለፈ ጊዜ ምልክቱን ከፊት መያዙ ደንብ ነበር። በሌሎቹ የግእዝ ግሶች ላይ የጠፋው አሮጌ ሥርዓት «ማለት» በሚለው ግስ ላይ ተርፎ ቀርቷል ማለት ነው። የሺህ ዓመታት ቅርስ በአንዲት ቃል።

*

ወደ ጎርጎራ እንመለስ። ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የተግባባው በሰይፍ አልነበረም። በአገሬው ቋንቋ ያወራ ነበር፤ ከሊቃውንት ጋር ይከራከር ነበር፤ ሕንፃ ሲታነጽ ራሱ ቆሞ ያሠራ ነበር። በሕይወቱ መጨረሻ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ለአንድ የአገሩ ልጅ የተሰጠ መልስ ነው። ኡሬታ የሚባል የቫሌንሲያ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1610 ስለ አገሪቱ ተአምር የሞላበት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዲሉ፣ የኡሬታ መጽሐፍ የ«ተባለ» መጽሐፍ ነው። ፓኤዝ ባየውና ራሱ ከግእዝ በተረጎመው ሞገተው።

ይህ ማለት ግን ፓኤዝ ያለ ዓላማ መጣ ማለት አይደለም። የመጣው ንጉሡንና ሕዝቡን ወደ ሮም ለማስገባት ነው። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጸ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ። በ1625 የደረሰው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ። ንጉሡ በ1626 ለሮም ታዛዥነቱን በመሐላ አጸና። ቀድሞ ክርክር የነበረው ነገር ዐዋጅ ሆነ። «ምን ትላለህ?» የነበረው «እንዲህ በል» ሆነ።

ጣና መልስ ሰጠ። የባሏን ቤትና የመኳንንት ኑሮዋን ትታ የመነነችው ወለተ ጴጥሮስ በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ ተከታዮቿን ሰበሰበች፤ ለችሎት ቀረበች፤ ተጋዘች፤ አልተመለሰችም። ገድሏ በ1672 በገላውዴዎስ ተጽፎ ለእኛ ደርሷል። በየአገሩም ዐመፅ ተነሣ። በ1632 በሺዎች የሚቆጠር የገዛ ሕዝቡን አስከሬን ያየው ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። ቋንቋና መንግሥት አብረው ይጓዛሉ የሚለው የነብሪሃ ሐሳብ በጣና ዳር ተሰበረ። የቀረው የጎርጎራ ፍርስራሽ፣ የፓኤዝ መጽሐፍና በሰው ልብ የተተከለ የባዕድ ፍርሃት ነው።

*

የግእዝ ግስ ግን ቀድሞውንም ባሕር ተሻግሮ ነበር። በሮም ይኖር ከነበረው ከአባ ተስፋ ጽዮን የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 የግእዝ ሰዋስው አሳተመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ1661 የግእዝ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ጎልቶ የሚነበበው የደራሲው ስም ነው፤ ከኋላ ቆሞ «እንዲህ ይባላል» ያለው ግን የአገር ልጅ ነው። በአገር ቤት ደግሞ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት የግስና የመዝገበ ቃላት መጽሐፍ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ።

ዛሬ የግስ ትምህርት አደጋ ላይ ነው። አደጋው የመጣው ከባዕድ አይደለም። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድ ይዘጋል። የቅኔ ትምህርት ደግሞ በመንገድ ላይ የቆመ ትምህርት ነው። ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ካልሄደ፣ ገበሬው ከማጀቱ ቆርሶ ካልሰጠው፣ በቃል የተያዘው በቃል አይተላለፍም። ብራና ቢቃጠል ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ ጉባኤው የተበተነ መምህር ግን ቅጂ የለውም።

የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያወርድ አንቀጾቹን በተራ ነው የሚጠራው። ቀዳማይ ያለፈውን ይናገራል፤ ካልዓይ ትንቢት ነው፤ ሣልሳይ «ይል ዘንድ» ብሎ ምክንያትን ያመጣል፤ ራብዓይ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ያለፈውን ሳይሰማ፣ የሚመጣውን ሳያይ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ከ«በል» የሚጀምር ተማሪ የለም። የአገሪቱ ፖለቲካ ግን ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ደጋግሞ ከራብዓይ አንቀጽ ይጀምራል። ገዢውም ተቃዋሚውም፣ ባለ ጠመንጃውም ባለ ማይክሮፎኑም፣ የሚቀናቸው «በል» ማለት ነው። ቢበዛ «አስባለ» እና «ተባለ» ይረባሉ፤ «ተባባለ» የሚለው ዐምድ ሥራ ፈቷል።

አማርኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ሰው ሲቀመጥ «ቁጭ አለ»፣ ሲነሣ «ብድግ አለ» ይባላል። ካልተናገረ ደግሞ «ዝም አለ» ነው። ዝም ማለትም ማለት ነው። በ1620ዎቹ በጣና ደሴቶች ዝም ያሉትን ሰዎች ቤተ መንግሥቱ እንደተስማሙ ቆጥሯቸው ነበር። ምን እያሉ እንደነበር የገባው በ1632 ነው።