በነቢዩ ስም የተፈጠሩ ቃላት

 

ሐበሻዊው ሙአዚን ቢላል ኢብኑ ረባሕ «ሽ»ን መጥራት ስለማይችሉ በአዛን፣ ማለትም በሶላት ጥሪ፣ «ስ» ይሉ ነበር፣ ነቢዩ ሙሐመድም የቢላል «ስ» አላህ ዘንድ «ሽ» ናት ብለዋል የሚለውን ወግ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ልብ ይነካል። የደማስቆው ሊቅ ኢብኑ ከሢር ግን መሠረት የለውም ብለውታል። የነቢዩን ቃልና ተግባር በሚዘግቡት የሐዲስ መዛግብት የምናገኘው ሌላ ነው፦ የአዛኑን ቃላት በሕልማቸው የሰሙት ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ ሲሆኑ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቢላል እንዲነግሯቸው ያዘዟቸው የቢላል ድምፅ ይበልጥ ስለሚያምር ነው።

እንዲህ ያለው ፈጠራ ሁሌም ከክፋት አይመነጭም፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ በቱርክሜኒስታን በምትገኘው መርው ከተማ ቃዲ የነበረው ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም፣ ለእያንዳንዱ የቁርኣን ሱራ የሚገኘውን ምንዳ የሚዘረዝሩ ሐዲሶች ፈጥሮ እንዳሰራጨ ይነገራል። ሲጠየቅ፣ ሰዉ በፊቅህ (በሃይማኖታዊ ሕግ ትምህርት) እና በዘመቻ ታሪክ ተጠምዶ ቁርኣንን ሲዘነጋ ባይ ለአላህ ብዬ አደረግሁት አለ። የሐዲስ ሊቃውንቱ ሰበቡን አልተቀበሉትም። ልክ ነበሩ፤ ደግ መስሎ የሚዋሽን ማን ይጠረጥራል?

ቀጣፊን ከሚያጋልጡባቸው መንገዶች አንዱ ዘመን መቁጠር ነበር። ዑመር ኢብኑ ሙሳ የሚባል ሰው በሶርያዋ ሒምስ መስጊድ ሐዲስ ሲያወራ፣ ደጉ ሸይኻችሁ ነገሩኝ እያለ ይደጋግማል። ዑፈይር ኢብኑ መዕዳን የትኛው ሸይኽ አሉት። ኻሊድ ኢብኑ መዕዳን። መቼ አገኘሃቸው? በ108 ዓመተ ሒጅራ። የት? በአርመን ዘመቻ። ዑፈይር፣ አላህን ፍራ፣ አትዋሽ አሉት፤ ኻሊድ የሞቱት በ104 ነው፣ ከሞቱ ከ4 ዓመት በኋላ አገኘኋቸው ትላለህ? ደግሞስ የሚዘምቱት ሮሞች ላይ ነበር እንጂ አርመን ዘምተው አያውቁም።

ይህ ጥንቃቄ እኛንም የሚመለከት ነው። ጥቁሮችን ሲርባቸው የሚሰርቁ፣ ሲጠግቡ የሚያመነዝሩ አድርጎ የሚስል አባባል በነቢዩ ስም ሲነገር ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1201 ያረፉት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ የተፈጠሩ ሐዲሶችን ሰብስበው ባጋለጡበት «አል-መውዱዓት» በተሰኘ መጽሐፋቸው ይህንኑም ከሐሰቶቹ ጋር አስፍረውታል። እኒሁ ሰው ስለ ጥቁሮችና ስለ ሐበሾች ክብር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺም በዚያ ውስጥ አሉ። ብዕር ያስነሣቸው፣ በመልካቸው ጥቁረት ልባቸው የተሰበረ ደጋግ ሐበሾችን ማየታቸው እንደሆነ ራሳቸው ገልጸዋል።

በ1350 የሞቱት የደማስቆው ኢብኑል ቀይም ደግሞ የሐሰት ሐዲስ መለያዎችን ሲዘረዝሩ ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት፦ ሐበሾችንና ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹ ሐዲሶች ሁሉም ውሸት ናቸው።