የሚሻገረው መዝገቡ ነው፦ የኢስትሊ የሒሳብ ደብተር ታሪክ

ስለ ኢስትሊ ሲወራ ወሬው ስለ ሕንጻውና ስለ ጨርቁ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ስለ ደብተሩ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እንመጣበታለን።)

በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ደርግ ወደቀ። ከሁለቱም አገር የተሰደደ ሰው ኢስትሊ ላይ ተገናኘ። ጋሪሳ ሎጅ የሚባለው ማረፊያ የመኝታ ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ተለወጡ። ስደተኛን ደፍሮ የሚያበድር ባንክ ስላልነበረ ሒሳቡ ሁሉ ደብተር ላይ ነበር፦ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቀሪ ዕዳ፣ የዋሱ ስም። ከሁሉም የሚከብደው ዋሱ ነበር። ዋስ የሌለበት ዕዳ ወረቀት ብቻ ነው።

ሐዋላም በዚሁ መንገድ አደገ። የላኪና የተቀባይ ስም በሬዲዮ፣ በፋክስ፣ ኋላም በኢንተርኔት ይተላለፋል፤ ቤቶቹ በኋላ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። ጥሬ ገንዘቡ ድንበር አይሻገርም፤ የሚሻገረው መዝገቡ ነው።

ይህ መዝገብ ትልቁን ፈተና ያየው በኖቬምበር 2001 ነው። አሜሪካ ትልቁን የሶማሌ ሐዋላ አል በረካትን በሽብር ገንዘብ ጠርጥራ ሒሳቡን አገደች። የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ዱባይ ሄደው የድርጅቱ መዝገብ ሙሉ በሙሉ ተከፈተላቸው። የሴፕቴምበር 11 ኮሚሽን ሠራተኞች በ2004 ባወጡት ሰነድ እንደተጻፈው፣ ምርመራው የተባለውን ግንኙነት ማረጋገጥ አልቻለም። መዝገቡ መሰከረ ማለት ነው፤ ግን ዘግይቶ። ድርጅቱ እስከዚያ ወድቋል፣ ደንበኛውም ወደ ሌሎች ሐዋላዎች ሄዷል።

በኤፕሪል 2015 ደግሞ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ 148 ሰው ከተገደለ በኋላ የኬንያ መንግሥት 13 ገንዘብ አስተላላፊዎችን አገደ። እገዳው የተነሣው በጁን ነው። ፈቃድ ኖሯቸው፣ መዝገብ ይዘው የሚሠሩ ነበሩ። ስለዚህ «ወረቀትህን አስተካክል፣ ማንም አይነካህም» የሚሉንን ሙሉ በሙሉ አናምናቸውም።

የእኛ የሐበሾቹ ጣጣ ሌላም አለው። ሰዓቱ አያጣላንም፤ የስዋሂሊው «ሳ ሞጃ» የእኛው አንድ ሰዓት ነው። የሚያጣላው ቀኑ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 የተቆረጠ ደረሰኝ በኬንያ ሴፕቴምበር 11, 2024 ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የ7 ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስለዋል። በ2020 ሞያሌ ላይ የሁለቱን አገር ሹማምንት በአንድ ግቢ ያስቀመጠው የጋራ ኬላ ሲከፈት ወረፋው ቀለለ፤ የቀን መቁጠሪያው ግን ሁለት እንደሆነ ቀረ። ደረሰኝ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የምንጽፈው ለዚህ ነው።

የኬንያ ሕግ የግብር ሰነድ ለ5 ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ በኢቲምስ ያልተቆረጠ ደረሰኝ፣ ከጥቂት ነገሮች በቀር፣ እንደ ወጪ አይያዝልንም። በቃል የገዛ ሰው ባላተረፈው ላይ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ ሻጭን ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መሆኑ ቀርቷል። የዋሱን ስም የሚያስገቡበት ቦታ ግን ኢቲምስ ላይ የለም፤ የዱቤ ደብተሩም እስካሁን ከባንኮኒው ሥር አለ።