ከስብራት በኋላ የሚመጣ መርፌ፦ የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ሕክምና በናይሮቢ

ለቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ መሸርሸር፣ ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ ለሚሉት ሕመም፣ የሚሰጡት መርፌዎች አመኔታቸውን ያገኙት በአብዛኛው ከጉልበት ነው። ስቴሮይዱም፣ ሃያሉሮኒክ አሲዱም፣ ከታማሚው ደም ተለይቶ የሚዘጋጀው ፒአርፒ የተባለው ፕላዝማም በስፋት የተጠኑት እዚያ ነው። የሁለቱ መገጣጠሚያዎች በሽታ ግን መነሻው ለየቅል ነው። ጉልበት በብዛት የሚያረጀው ከዕድሜና ከክብደት ጋር ሲሆን፣ ቁርጭምጭሚት በአብዛኛው የሚሸረሸረው ከጉዳት በኋላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዮዋ የታተመ የ639 ታማሚዎች ጥናት 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ የጀመራቸው ከስብራት ወይም ከከባድ ወለምታ በኋላ መሆኑን አሳይቷል። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚህ ይነሣል፤ በናይሮቢ ለመርፌው የሚወጣው ገንዘብና ተስፋ የሚገባው ለስብራቱ ነው።

አንድ አሮጌ ሙከራ ምክንያቱን በግልጽ ያስረዳል። ራምሴይና ሃሚልተን በ1976 እንደለኩት፣ ታለስ የሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ሲንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በአማካይ በ42 በመቶ ይቀንሳል። ያው የሰውነት ክብደት በጠበበ ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ ካርቲሌጅ የሚባለውና ከጉልበቱ ይልቅ ስስ የሆነው የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ሽፋን በየእርምጃው ይፈጫል። ናይሮቢ ደግሞ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ከተማ ናት፤ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የአጥንት ክፍሎች ከሞተር ብስክሌት አደጋ በመጡ ወጣቶች መጨናነቃቸው የታወቀ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተሰበረን እግር ለወጌሻ ማሳየት እንግዳ አይደለም። የወጌሻ እጅ ብዙ ነገር ያውቅ ይሆናል፤ ያለ ራጅ 1 ሚሊ ሜትር መለየት ግን ከማንም እጅ አቅም በላይ ነው። የዛሬ የ25 ዓመት ጎልማሳ ስብራት በትክክል ሳይገጥም ከቀረ፣ በ40 ዓመቱ መርፌ ፈላጊ ሊሆን ይችላል።

መርፌውስ ምን ያደርጋል? ፒአርፒን በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ በ2021 ከኔዘርላንድስ የመጣው ነው። 100 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው በስድስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሁለት መርፌ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ፒአርፒ፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ። ከ26 ሳምንት በኋላ ከ100 በሚታሰበው መለኪያ የፒአርፒዎቹ ውጤት በ10 ነጥብ፣ የጨው ውሃዎቹ በ11 ነጥብ ተሻሻለ። ከዓመት በኋላም ልዩነት አልታየም። ስለ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ2015 ያገኛቸው ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ስለነበሩ የሚያስደፍር ድምዳሜ አልሰጡም። ስቴሮይድ ለጥቂት ሳምንታት ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ ደጋግሞ መውሰዱ ግን ዋጋ አለው። በ2017 በታተመ የጉልበት ጥናት 140 ታማሚዎች ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ስቴሮይድ ወይም የጨው ውሃ ሲወጉ፣ በሕመም ረገድ ልዩነት አልታየም፤ ስቴሮይድ በወሰዱት ላይ ግን ካርቲሌጁ ይበልጥ ሳሳ። ይህም የጉልበት ማስረጃ ነውና ለቁርጭምጭሚት ሲጠቀስ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሆኖም ስሱ ካርቲሌጅ ከወፍራሙ ይልቅ ይቋቋመዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በናይሮቢ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። ትራያምሲኖሎን የተባለው ስቴሮይድ በጉበት የሚፈርስበትን መንገድ ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ይዘጋዋል። አንዲት መርፌ ሳትፈርስ በደም ውስጥ ስትቆይ የአድሬናል ዕጢን ሥራ ለሳምንታት ልታፍን ትችላለች። በመገጣጠሚያ ውስጥ የተደበቀ ቲቢም መሸርሸር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስቴሮይድ ደግሞ ያባብሰዋል። የስኳር ሕመምተኛም ከመርፌው በኋላ ለቀናት ስኳሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ መርፌ የሚወጋ ሐኪም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ እግሩ ብቻ አይደለም።

ተቃውሞ አይጠፋም። «በመርፌው የተሻላቸው ሰዎች አሉ» ይባላል፤ አሉ፣ ነገር ግን በጨው ውሃም ተሽሏቸዋል። መወጋቱ ራሱ ያሽላል የሚል ካለ ዋጋውም የጨው ውሃ ዋጋ ይሁን። «የኔዘርላንድስ ታማሚ የናይሮቢን አይመስልም» የሚለው ክብደት አለው፤ የፒአርፒ አዘገጃጀትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይሁን እንጂ የማስረጃው ሸክም የሚወድቀው በሻጩ ላይ ነው፤ ከኪሱ በሚከፍለው ታማሚ ላይ አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉ ይበረታል፦ መገጣጠሚያውን በቀዶ ሕክምና ማጣበቅም ሆነ በሰው ሠራሽ መተካት ለብዙዎች ሩቅ ነው፤ ታዲያ ሰው በሕመም ይቀመጥ? አይቀመጥ። ሠርግ ወይም የሥራ ወቅት ለደረሰበት ሰው፣ ወይም የቀዶ ሕክምና ተራ ገና ለራቀበት ታማሚ፣ አንድ የስቴሮይድ መርፌ በአልትራሳውንድ ተመርቶ ቢሰጥ ተገቢ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተቃረበ ግን የኢንፌክሽን ስጋት ስላለ አይወጋም። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ፣ ሶሉ የጎበጠ ጫማና ምርኩዝም ጠንካራ ማስረጃ የላቸውም፤ ርካሽ ናቸው፣ መገጣጠሚያም አይበሱም።

ኬንያ በጥቅምት 2024 የቀድሞውን የጤና መድን ፈንድ በማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክታለች። አዲሱ መድን ለቁርጭምጭሚት ገንዘብ ሲመድብ በቅድሚያ መሸፈን ያለበት ራጅን፣ ስብራትን በወቅቱ መግጠምን፣ ብሎንና ብረትን ነው። ፒአርፒ ለቁርጭምጭሚት መሸርሸር በጥናት ማዕቀፍ ውስጥ ካልሆነ በቀር ለታማሚ መሸጥ የለበትም።