አሜሪካ ባቆመችበት ዓመት ኢትዮጵያ የጀመረችው ክትባት

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ዘመድ ካላችሁ፣ በዕድሜ የገፉትን ስለ ፈንጣጣ ጠይቋቸው። በሽታውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ፈንጣጣ ከጎጃም ከጠፋ ገና ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው።

መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ የጀመሩት በጥር 1963 ዓ.ም. (በ1971 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታች የምትመለከቷቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ በዚያው በ1971 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ምን አሉ? ሕጻናትን ሁሉ የፈንጣጣ ክትባት መከተብ ይቁም አሉ፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጧል ብለው። እንዴ! ክትባቱ እኮ ያው ነው። አንዱ አገር ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? የለም፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እንዴት እንደሆነ በቁጥር እንየው።

በ1968 አሜሪካ ውስጥ 14 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ፈንጣጣ ተከተቡ። ከእነዚህ 572 ሰዎች ላይ ጉዳት ደረሰ፤ 9 ሰዎች ሞቱ። በአገሪቱ ፈንጣጣ ከታየ ደግሞ ከ1949 ወዲህ አንድም ጊዜ አልነበረም። ዘጠኙ ሰዎች የሞቱት አገራቸው ውስጥ የሌለ በሽታን ሲከላከሉ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ያኔ በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር። ከባዱ ዓይነት ከመቶ ሕሙማን እስከ 30 ይገድል ነበር፤ የእኛው ግን ከመቶ አንድ ገደማ። «አንድ ብቻ?» አትበሉ። እስቲ ደምበጫ ዙሪያ 10,000 ያልተከተቡ ሰዎች አሉ ብለን እናስብ። ሁሉንም ፈንጣጣ ቢይዛቸው 100 ያህሉ ይሞታሉ። ሁሉም ቢከተቡስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተቡ 1 ሚሊዮን ሰዎች የሚሞቱት 1 ወይም 2 ናቸው። ስለዚህ በክትባቱ አንድ ሰው እንዲሞት፣ እንዲህ ያሉ ከ50 እስከ 100 አካባቢዎች ሙሉ በሙሉ መከተብ አለባቸው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሰው አይታመምም። ከ10,000ው የታመሙት 100 ብቻ ቢሆኑ እንኳ አንድ ሰው ይሞታል፤ ክትባቱ አሁንም በብዙ እጥፍ ይሻላል። ሚዛኑ የሚገለበጠው በበሽታው የሚያዙት ከ10,000 ሰዎች ከአንድ ሁለት በታች ሲሆኑ ነው። አሜሪካ እዚያ ደርሳለች፤ ጎጃም ገና አልደረሰም ነበር።

ይሁን እንጂ በጎጃም ገጠር ክትባቱን አንወስድም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። አላዋቂዎች ስለሆኑ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። የራሳቸው ክትባት ነበራቸዋ! ቃሉ ራሱ «ጻፈ» ከሚለው የግዕዝ «ከተበ» የመጣ ነው፤ «ክታብ»ም ከዚያው ይወለዳል። አዋቂው ከሕመምተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ያስገባበታል። ሰውየው ብዙውን ጊዜ ቀለል አድርጎ ይታመምና ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይነካውም።

ይህ ዘዴ በሌላም ዓለም በቁጥር ተፈትኗል። በ1721 ቦስተን ከተማ በፈንጣጣ ከተያዙት 5,889 ሰዎች 844ቱ ሞቱ፤ ይህም ከመቶ 14 ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ከተከተቡት ከ240 በላይ ሰዎች ግን የሞቱት 6 ነበሩ፤ ከመቶ ከ3 ያነሱ። ዘዴውን ለቦስተኖች የነገራቸው ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት ይኖር የነበረ አፍሪካዊ ነው።

ችግሩ የድሮው ክትባት ራሱ ሕያው ፈንጣጣ መሆኑ ነው። የተከተበው ሰው ይድንና ጎረቤቱን ያስይዛል። አዲሱ ክትባት ግን ቫክሲኒያ በተባለ ሌላ ቫይረስ የተሠራ ስለሆነ ፈንጣጣን ሊያስነሳ አይችልም። የድሮውን ስትመዝኑ የጎረቤትን ሞት ከሚዛኑ ላይ መተው አትችሉም።

ዘመቻው ተሳካ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በመጨረሻ የተያዘው ደግሞ በ1977 ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ ዓሊ ማው ማአሊን የተባለ የ23 ዓመት የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። እሱ ድኖ፣ በኋላ የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ወላጆችን «እንደኔ አትሁኑ» እያለ ሲመክር ኖረ። በ1980 ፈንጣጣ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከዚያ በኋላም የፈንጣጣ መደበኛ ክትባት ቀስ በቀስ በዓለም ሁሉ ቆመ። ሚዛኑ በሁሉም አገር እንደ አሜሪካው ተገልብጦ ነበርና።

ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ክትባት ሰው ጎድቷል» ቢላችሁ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትሩጡ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተጎዱት ከስንት ሰው ነው? በሽታው ከስንት ሕመምተኛ ስንቱን ይገድላል? እዚህ፣ ዛሬ፣ እኔን ወይም ጎረቤቴን የመያዝ ዕድሉስ ስንት ነው? ሦስተኛው ጥያቄ በቀላሉ ይረሳል፤ ክትባት በሽታን ከዓይናችን ሲያርቅ የሚታየን የክትባቱ ጉዳት ብቻ ስለሚሆን። ፈንጣጣ በእርግጥ ጠፍቷል። ኩፍኝ ግን ዛሬም አማራ ክልልን ጨምሮ በአገራችን እየተቀሰቀሰ ሕጻናትን ይገድላል። የእሱን ሚዛን እናንተው አስሉት።