ከፕራግ ውርጭ የተነሣው ካክተስ አዳኝ

እ.ኤ.አ. በ1899 ፕራግን የመታው ብርቱ ውርጭ የአንድ የ16 ዓመት ልጅ የካክተስ ስብስብ ጨረሰ። ካክተስ በሆዱ ውሃ አቁሮ የሚኖር ተክል ነው። ብርዱ ሲበረታ ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋል፤ የረጋው ውሃ ሕዋሳቱን ይሰነጥቃል። ሙቀት ሲመለስ ትናንት ጠንካራ የነበረው ግንድ ለስልሶ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የትኛውም እንክብካቤ አያድነውም።

የልጁ ስም አልቤርቶ ቮይቴክ ፍሪች ነው። አባቱ ጠበቃ፣ አጎቱ አንቶኒን ፍሪች ደግሞ በአገሩ ስመ ጥር የሥነ እንስሳ ሊቅ ነበሩ። ልጁ ራሱም ገና በጉርምስናው ስለ ካክተስ ምክር የሚጠየቅ ሰው ለመሆን በቅቷል። ስብስቡ ካለቀ በኋላ ተክሎቹን ከነጋዴ እጅ ከመጠበቅ ይልቅ ወደሚበቅሉበት አገር መሄድን መረጠ፤ በ1901 ገና በ18 ዓመቱ ወደ ብራዚል ተሳፈረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በመስኮት ጥግ ከሚቀመጡት ትንንሽ ካክተሶች የአንዳንዶቹ ታሪክ ከዚህ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው።

ፍሪች የተለከፈበት ፍቅር በአውሮፓ ያኔም አዲስ አልነበረም። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 የዓለምን ዕፅዋት በስም ሲያደራጅ ካክተስ ብሎ በአንድ ወገን የመደባቸው 22 ዝርያዎች ብቻ ነበሩ። ቀጣዩ መቶ ዓመት ግን ሌላ ሆነ። ሜክሲኮና ደቡብ አሜሪካ ከስፔንና ከፖርቱጋል አገዛዝ ሲላቀቁ በሩ ለሌሎች አገሮች ተጓዦችም ተከፈተ፤ መርከቦች አሳሾችን ጭነው ሄደው ዕፅዋት ጭነው መመለስ ጀመሩ። ፍሪድሪክ አዶልፍ ሃገ በጀርመኗ ኤርፉርት ከተማ በ1822 ያቋቋመው የካክተስ ችግኝ ጣቢያ እስከ ዛሬ በዚያው ቤተሰብ እጅ ይሠራል።

ዋጋውም አብሮ ናረ። ባሮን ካርቪንስኪ የተባለው አሳሽ በ1840 ገደማ ከሜክሲኮ ሦስት ትንንሽ ተክሎች ወደ አውሮፓ ላከ። መሬት ላይ ተለጥፎ የሚያድግ፣ መዳፍ የማይሞላ፣ ዓመታት ቆይቶ እንኳ ብዙም የማይጨምር ካክተስ ነው። ከሦስቱ አንዱ በ1000 ፍራንክ እንደተሸጠ ይነገራል፤ ይህም ከራሱ ክብደት ወርቅ የሚበልጥ ዋጋ መሆኑ ነው። ዝርያው እስከ ዛሬ የሚጠራው የዚያ ዘመን ሀብታም ሰብሳቢ በነበረው በሩሲያዊው ልዑል ኮቹቤይ ስም ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ይገባል። በየገደሉ አፋፍና በየአጥሩ የቆመው የደጋው ቁልቋል ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ የሚያቃጥል ነጭ ወተት ያፈሳል፤ የቅርብ ዘመዱም ጉሎ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሉን ከነስሙ ለአውሮፓ አስተዋውቆታል። የካክተስ ቤተሰብ ግን የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። በትግራይ ተራሮች የሚለቀመው በለስ መነሻው ሜክሲኮ የሆነ እውነተኛ ካክተስ ሲሆን ወደ አገር የገባውም በሰው እጅ ነው። ሰው ሳያመጣው ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ አንድ ዝርያ ብቻ አለ። ይህም ሪፕሳሊስ የሚባለው፣ እሾህ የሌለው፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ክር የሚንጠለጠል ተክል ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችም ይገኛል።

ፍሪች ብራዚል ሲደርስ የጠበቀው የመስታወት ቤት ምቾት አልነበረም። በመጀመሪያው ጉዞው ጃጓር ክፉኛ አቆሰለው፤ እንደ ዳነ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ቀጥሎ በፓራጓይ አንዲት ትንሽ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ካክተስ አገኘ። በበርሊን ይሠራ ከነበረው ጉርከ ከተባለ የዕፅዋት ሊቅ ጋር በ1905 በስማቸው ያወጧት ሲሆን የሰጧት መጠሪያ በአርጀንቲና ወንዞች ላይ መርከቦች ያሰማራ የነበረውን ባለሀብት የኒኮላስ ሚሃኖቪችን ስም የያዘ ነው። ያን ጊዜ ማንም ብዙ ያልተደነቀባት ይህች ካክተስ ከጊዜ በኋላ ያልተጠበቀ ዕጣ ገጠማት።

ተክል ፍለጋው ፍሪችን ወደ ሰዎችም መራው። ቻማኮኮ ከሚባሉት የፓራጓይ ነባር ሕዝቦች ጋር ኖረ፤ ቋንቋቸውን መዘገበ፤ ከእነሱው ከአንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ቁመቱ ረጅም ስለነበር በአካባቢው ካራይ ፑኩ፣ ማለትም ረጅሙ ጌታ፣ ይሉት ነበር። በዚያን ወቅት ቻማኮኮዎቹን መንስኤው ያልታወቀ በሽታ ይጨርሳቸው ነበርና በ1908 ቼርዊሽ የተባለውን ከመካከላቸው አንዱን ይዞ ፕራግ ገባ። ሐኪሞች በሽታው በሆድ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጣ መሆኑን ደረሱበት፤ መድኃኒትም ተገኘ። ቼርዊሽ የፕራግ መነጋገሪያ ሆኖ ከከረመ በኋላ ወደ ወገኖቹ ሲመለስ መድኃኒቱም አብሮ ሄደ።

በዚያው ዓመት ቪየና ላይ የአሜሪካ አህጉር ሕዝቦችን የሚያጠኑ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ፍሪች መድረኩ ላይ ወጥቶ በደቡብ ብራዚል በጀርመን ሰፋሪዎች አካባቢ ነባር ሕዝቦች እየታደኑ እንደሚገደሉ ተናገረ። ንግግሩ በአዳራሹ የነበሩትን አስቆጣ፤ ስብስቦችን ይገዙት ከነበሩት የጀርመን ሙዚየሞች ጋር የነበረው የሥራ ግንኙነትም ሻከረ። አብዛኞቹ የዘመኑ ዕፅዋት አሳሾች ከአለቆቻቸው ፊት የማይሉትን የ26 ዓመት ወጣት ገቢውን ለአደጋ አጋልጦ መናገሩ ከካክተሶቹ ያላነሰ ክብር ይገባዋል።

ሰብሳቢዎች ፍሪችን ይበልጥ የሚያነሡት ግን በ1923ቱ የሜክሲኮ ጉዞው ነው። ካርቪንስኪ በ1843 ካገኛቸው ተክሎች አንዱን የሙኒኩ ዙካሪኒ በ1845 አስቴሪያስ ብሎ ሰይሞት ነበር። ወደ አውሮፓ የገቡት ጥቂት ተክሎች ሞቱ፤ ከየት እንደመጡ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ተክሉ ለሰማንያ ዓመት ያህል በሥዕልና በመጽሐፍ ብቻ ይታወቅ ነበር። ፍሪች ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ ገብቶ እንደገና አገኘው።

ይህን ተክል ቀርቦ ላየው ለምን እንደተሰወረ ይገባዋል። አንዲት እሾህ እንኳ የለውም። ሰውነቱ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት እኩል ሸንተረሮች የተከፈለ ነው። በእያንዳንዱ ሸንተረር ጫፍ እሾህ ሊወጣባቸው ይገባ የነበሩ ቦታዎች እንደ ጥጥ የለሰለሱ ነጭ ነጠብጣቦች ሆነው በመስመር ይወርዳሉ። በመካከላቸው ያለው ቆዳ በደቃቅ ነጫጭ ፍንጣቂዎች ተረጭቷል። ድርቅ ሲበረታ ተክሉ ውሃውን ጨርሶ ይኮማተርና ወደ አፈሩ ይሰምጣል፤ ላዩ አቧራ ሲለብስ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ያለውን ቆሞ መለየት ከባድ ነው። አበባው ሲፈነዳ ብቻ ቢጫ ሆኖ፣ ልቡ ወደ ብርቱካናማ ቀልቶ፣ ራሱን ያጋልጣል። ጃፓናውያን አርቢዎች ካቡቶ ይሉታል፤ የሳሙራይ የራስ ቁር ማለት ነው። ነጭ ፍንጣቂው የበዛለትን እየመረጡ ከትውልድ ትውልድ በማዳቀል በዱር የማይታዩ ገጽታዎች አውጥተውለታል።

በዚያው ጉዞ ፍሪች ሌላም አገኘ። ቅርፊቶቹ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ተደራርበው የሚወጡትን አዲስ ካክተስ በ1925 በሜክሲኮው ፕሬዚዳንት በአልቫሮ ኦብሬጎን ስም ኦብሬጎኒያ አለው፤ የዝርያ ስሙን ደግሞ ለግብርና ሚኒስትሩ ለዴኔግሪ ሰጠ።

ፍሪች ጥንቁቅ ጸሐፊ አልነበረም። ብዙዎቹን አዳዲስ ስሞች በሳይንሱ ሕግ የሚጠየቀውን ዝርዝር መግለጫ ሳያሟላ በሽያጭ ካታሎጎቹ ላይ ያወጣቸው ነበርና ኋላ የመጡ ሊቃውንት ዋጋ አሳጧቸው። የሃምቡርጉ ኩርት ባከበርግ በዚህ በኩል ተፎካካሪው ነበር፤ እሱም ተክል ከማስመጣት ንግድ ተነሥቶ ከ1958 እስከ 1962 ስድስት ቅጽ ያለው ትልቅ የካክተስ መጽሐፍ አሳትሟል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት መካከለኛው አውሮፓ በካክተስ ፍቅር ነደደ። ሀብታም ያልሆነም ሰው መስኮቱ ላይ አንድ ሁለት ማሰሮ ማስቀመጥ ቻለ። ፍላጎቱን የሚያሟሉት ግን አብዛኛውን ከነሥራቸው ተነቅለው በሣጥን የሚመጡ ተክሎች ነበሩ። ብዙዎቹ ባሕር ላይ በሰበሱ፤ የተረፉትም በአውሮፓ ጨለማ ክረምት አለቁ። የፍቅሩ ትልቁ ነውር ይህ ነበር፤ ፍሪችም ከዚህ ነፃ አልነበረም።

የ1939 እና 1940 ክረምት ሲመጣ አገሩ በናዚ ጀርመን ተይዛ ነበር። ማገዶ በጠፋበት በዚያ ብርቱ ብርድ የፍሪች ግሪን ሃውስ ሳይሞቅ ቀረ፤ የዕድሜ ልክ ስብስቡ እንደ ልጅነት ስብስቡ በውርጭ ሞተ። እሱ ራሱ በታኅሣሥ 1944 የዛገ ሚስማር በፈጠረው ቁስል በገባ ቴታነስ ሕይወቱ አለፈ፤ 62 ዓመቱ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የፕራግ ቤተሰቡ ፓራጓይ ሄዶ ከቻማኮኮ ልጁ የተወለዱትን ዘሮቹን አግኝቷል።

እነሆ የዚያች የፓራጓይ ትንሽ ካክተስ ዕጣ። በ1941 ኤይጂ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ አርቢ ካበቀላቸው የእሷ ወገን ብዙ ሺህ ችግኞች መካከል ሁለት ቀያይ ወጡለት። ቀይ የሆኑት ክሎሮፊል ስለሌላቸው ነው፤ ክሎሮፊል የሌለው ተክል ምግቡን ማዘጋጀት አይችልምና በቀናት ውስጥ መሞት ነበረባቸው። ዋታናቤ በሌላ አረንጓዴ ካክተስ ግንድ ላይ አጣብቆ አተረፋቸው።

ሥራው ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራል። ድራጎን ፍሩት ከሚያፈራው ወገን የሆነ ባለሦስት ማዕዘን ግንድ በስለታም ቢላ አናቱ ይቆረጣል፤ የቀዩም ኳስ ሥር ይቆረጣል። በሁለቱም ቁስል መካከል ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ክብ ሆነው ይታያሉ። ሁለቱ ክቦች ቢያንስ በአንድ ጠርዝ ሳይነካኩ ከቀሩ ተክሉ አይያዝም። ከገጠሙ በኋላ በክር ወይም በላስቲክ ተጠፍረው ለቀናት ይቆያሉ። በየአበባ መሸጫው የሚታየው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ራስ ያለው ካክተስ ይህ ነው። ደቡብ ኮሪያ በብዛት እያመረተች ለዓለም ትሸጠዋለች። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሥር ያለው ግንድና ከላይ ያለው ኳስ እድገታቸው ስለማይመጣጠን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይለያያሉ። ነገር ግን ለአንዱም ሲባል የፓራጓይ ዱር አይነካም፤ ሁሉም የሚባዙት በችግኝ ጣቢያ ነው።

አስቴሪያስ እንዲህ አልታደለም። ከዘር ለማብቀል የማያስቸግር ተክል ሆኖ ሳለ ዛሬም ከዱር ይነቀላል። በቴክሳስ ስታር አውራጃ ደግሞ ለባህላዊ ሥርዓት የሚሰበሰበውን ፔዮቴ የተባለ ካክተስ ስለሚመስል ለቃሚዎች በስህተት ይቆርጡታል። አሜሪካ በ1993 ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አስገባችው። በ1975 ሥራ ላይ የዋለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ የካክተስን ቤተሰብ በሞላ ጎደል ይቆጣጠራል፤ አስቴሪያስን ከዱር ነቅሎ መነገድ በጥብቅ ከሚከለክላቸው መካከል አስፍሮታል። የኢትዮጵያ ሬቶችና ውሃ አቋሪ ቁልቋሎችም በዚሁ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። በ2015 የወጣ ጥናት 1,478 የካክተስ ዝርያዎችን መርምሮ 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠባቸው አስታውቋል። ከምክንያቶቹ መካከል ለስብስብ ሲባል መነቀል ይገኝበታል።

በየካቲት 2020 የጣሊያን ፖሊስ በአንድ ቤት ባደረገው ፍተሻ ከቺሌ አታካማ በረሃ የተነቀሉ ከ1000 በላይ ካክተሶች ያዘ። ዋጋቸው ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተገምቷል። የተወሰኑት ሞቱ፤ የተወሰኑት ለጥናት ሚላን ቀሩ፤ 844ቱ በቀጣዩ ዓመት ወደ ቺሌ ተመለሱ። እዚያም በቀጥታ ወደ በረሃው አልተተከሉም፤ በሽታ ይዘው እንዳይሆን መጀመሪያ ተለይተው መቆየት ነበረባቸው።

ባለሙያ የተነቀለውን ተክል ከበቀለው የሚለየው በገጽታው ነው። ከዘር በማሰሮ ያደገው ዙሪያው እኩል፣ ቆዳው ንጹሕ፣ እሾሁ ያልተሰበረ ይሆናል። ከዱር የመጣው አንድ ወገኑ በፀሐይ የከሰለ፣ ታችኛው ክፍሉ በዕድሜ ብዛት እንደ ቡሽ የደረቀ፣ እንስሳ የጋጠው ጠባሳ ያለበት፣ ዋና ሥሩም በአካፋ ተቆርጦ የቀረ ነው።